ያልተዋጠው እንቁላል

ነገር በመሸፈን እኛን ማን ይደርስብናል? ልጅ ስታድግ እናት «ከእንግዲህ ሴት ሆነሻል፣ ከወንድ ራቂ» ትላትና ፊቷን አዙራ ወደ ማጀት ትገባለች። ለምን እንደምትርቅ እሱን እግዜር ይወቀው። ጥቂት ዓመታት ያልፉና ያችኑ ልጅ «ምነው ሳታገቢ ቆየሽ?» ብለን መድረሻ እናሳጣታለን። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ አሁን የማወራላችሁን ዘፈን ሲሰማ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

የእህቴ ልጅ ሜሮን ልታገባ ሳምንት ሲቀራት ጓደኞቿ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ብራይዳል ሻወር የሚሉትን የሙሽራ ግብዣ አዘጋጁላት። እኔ አክስቷም፣ የወደፊት አማቷ ወይዘሮ አማረችም ተጠራን። ወይዘሮ አማረች ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ ጸሎታቸው አንድ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ የልጅ ልጅ ማቀፍ። ሜሮን ደግሞ ትምህርቷን ሳትጨርስ ላትወልድ ከእጮኛዋ ጋር ተስማምታለች። ከሁለቱ ሌላ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለአማቷ መንገር ግን ፈራች። ማን አይፈራም?

ከተጋባዦቹ አንዷ የሜሮን ጎረቤት አማ ነበረች፤ ከጋና የመጣች፣ የአካን ብሔር ሰው። «እስቲ የአገርሽን ዘፈን አሰሚን» አልናት። ዘፈነች። አጨበጨብን፣ እልል አልን፤ ወይዘሮ አማረችማ ትከሻቸው ከዳቸው። ትርጉሙን ስንጠይቃት በተሰባበረ አማርኛዋ «ልጅቷ የወር አበባ አየች፣ እናቷን እንኳን ደስ ያለሽ በሏት ማለት ነው» አለች።

እልልታው ጉሮሯችን ላይ ቀረ። በአደባባይ! በከበሮ! እኔ ያን ቃል ለሐኪም እንኳ ግድግዳ እያየሁ ነው የምናገረው።

አማ ምኑም ሳይገባት ቀጠለች። ድሮ በአገሯ አሮጊቶች ይህን ሳይዘፍኑላት ሴት ልጅ አታገባም ነበር። የተቀቀለ እንቁላልም ያጎርሷታል፤ ሳታኝክ መዋጥ አለባት፤ ካኘከችው የሚወለዱ ልጆቿን በላች ማለት ነው።

«በኢየሱስ ስም! ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው!» አሉ ወይዘሮ አማረች።

ጓደኞቿ ግን «ወይኔ ሜሮን፣ ሳይዘፈንልሽ ልታገቢ ነው!» እያሉ በሳቅ ሞቱ። ከወጥ ቤት እንቁላል አስመጡ።

ሜሮን እንቁላሉን አየችው። አማቷን አየቻቸው። ከዚያ ጎረሰችና አኘከች፤ ቀስ ብላ፣ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዓይኗን ከዓይናቸው ሳትነቅል።

«እማዬ፣ ትምህርቴን ሳልጨርስ አልወልድም» አለቻቸው፣ አስኳሉን እየዋጠች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ብቅል ስለማንቀምስ እንቁላል አወጣው።

በቃ ሰርጉ ቀረ አልኩ። ወይዘሮ አማረች ግን ስለ ትምህርቱ የተባለውን የሰሙም አይመስሉም። ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ አስተናጋጇ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቶሎ በይ፣ ሌላ እንቁላል አምጪላት! ትንሽ ይሁን፣ በጉሮሮዋ የሚያልፍ!»

ሌላው መጣ። ሜሮን ጨው ነሰነሰችበት።