አባቴን አጥራልኝ

[የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክፍል። ኤዲተሩ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። አጎቱ ቀለም ቀቢው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የድሮ ፊልም ጥቅል ያለበት ሣጥን ታቅፎ ቆሟል።]

ቀለም ቀቢው፦ ሣጥኑን እንኳ ሳትከፍተው?

ኤዲተሩ፦ ጋሼ፣ ፊልሙ አርባ አምስት ዓመቱ ነው! የካሴት ቅጂው እያለ ምን ያደርግልናል?

ቀለም ቀቢው፦ ካሴቱ ደብዛዛ ነው ያልከኝ አንተው ነህ።

ኤዲተሩ፦ ለዚህ ነዋ ኮምፒውተሩ! የምስሉን አንድ ነጥብ አራት ያደርገዋል።

ቀለም ቀቢው፦ ሦስቱን ከየት አምጥቶ?

ኤዲተሩ፦ [በትዕግሥት] ገምቶ።

ቀለም ቀቢው፦ አባቴን ነው የሚገምተው? ያውቀው ነበር?

ኤዲተሩ፦ ስንት ሚሊዮን ፊት አይቷል እኮ!

ቀለም ቀቢው፦ እኔ የምፈልገው አንዱን ነው። አባቴ ሲሞት ጡት አልጣልኩም ነበር፤ ፎቶ እንኳ የለውም። እናትህ ናት «በሠርጌ ፊልም ላይ በግራ በኩል ቆሟል» ያለችኝ።

ኤዲተሩ፦ አገኘሁትኮ! ሦስት ቀን ሙሉ አጠራሁት። እየው!

[ስክሪኑ ላይ ሙሽሮቹ ከቤት ይወጣሉ። በግራ በኩል አንድ ሪዛም ሰውዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል።]

ቀለም ቀቢው፦ [ሣጥኑን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል] እሱ ነው?

ኤዲተሩ፦ ግርማውን አየህ? ቁርጥ እኔን!

ቀለም ቀቢው፦ ሰው ሁሉ ሲጨፍር ምነው እሱ አልነቃነቅ አለ?

ኤዲተሩ፦ የድሮ ሰው ነዋ! እንደኛ አይቁነጠነጥም።

ቀለም ቀቢው፦ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ። እሱም አለ።

ኤዲተሩ፦ ልጁን አይሸኝም?

ቀለም ቀቢው፦ አሁን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አየር ላይ ነው።

ኤዲተሩ፦ [እያመነታ] አዳራሹ ፎቅ… ይኖረው ይሆናል።

ቀለም ቀቢው፦ ካሴቱን ማን ነው የቀዳው?

ኤዲተሩ፦ አባዬ። ፊልሙን ሳሎን ግድግዳ ላይ አብርቶ በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸው። ምነው?

ቀለም ቀቢው፦ [ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ] ይሄን ሰውዬማ አውቀዋለሁ። አራት ጊዜ ቀለም ቀብቼዋለሁ።

ኤዲተሩ፦ ምን?

ቀለም ቀቢው፦ የሳሎናችሁ ግድግዳ ላይ ያለው የእርጥበት እድፍ ነው። በየክረምቱ ይመለሳል።

[ኤዲተሩ ምስሉን ያቆማል።]

ኤዲተሩ፦ ለካ እማዬ ትናንት ሳሳያት «የት ነው የማውቀው?» ስትል ያመሸችው…

ቀለም ቀቢው፦ ታዲያ አባቴስ?

ኤዲተሩ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ካሜራው ጠርዙን ቆርጦት ይሆናል። ፊልሙ ላይ ግን አይጠፋም።

[ቀለም ቀቢው ጥቅሉን አውጥቶ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘረጋል። ኤዲተሩ ማጉያ መነጽር ያቀብለዋል።]

ኤዲተሩ፦ በዚህች ጥፍር በማታህል ነገር ምን ይታይሃል?

ቀለም ቀቢው፦ በግራ በኩል አንድ ሰው… ሪዝ የለውም። ሕፃን ይዟል።

ኤዲተሩ፦ ስጠኝ ጋሼ፣ አሁኑኑ ከራሱ ከፊልሙ ስካን ላድርግልህ!

ቀለም ቀቢው፦ ቆይ እስቲ አንተ ልጅ። አቅፎኛል እኮ።