የቁርባንና የማዘጋጃ ምርጫ

መምረጥ የሚያቅተው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ታደሰ ይባላል። ከዘነበች ጋር በአንድ ቤት ሲኖሩ አሥር ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ልጆችም ወልደዋል። “ለምን አታገባትም?” ያለው ሁሉ አንድ መልስ ይሰማል።

“እንዳልቆርብ ቁርባን አይፈታም። ማዘጋጃ ሄጄ እንዳልፈርም ደግሞ ይፈታል።”

እንግዲህ ይህን ፍልስፍና ማን ይረታዋል? አንኮበር የሚቀድሱት ቄስ አጎቱ እንኳ ሞክረው ትተውታል።

ዘንድሮ ግን ዘነበች ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች። “እስከ ዓርብ ካልፈረምክ እኔ ጫጫ፣ እናቴ ቤት ነኝ” አለችው። ፍልስፍናው በአንድ ሌሊት ተረሳ። ታደሰ ቀበሌ ሲሮጥ፣ ያላገባ መሆኑን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች አምጣ ተባለ። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባው ሄድንለት። ሦስተኛው አከራዩ ጋሽ ከበደ ነበሩ፤ እሳቸው መሐላው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“አንተ ልጅ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ‘ባለቤትህ ደህና ናት?’ ስልህ ‘ደህና ናት’ ትለኝ አልነበር? አሁን ሚስት የለውም ብዬ ልማል?”

አብራን የመጣችው ዘነበች ከኋላችን ከአግዳሚው ወንበር ተነሳች።

“ይማሉ ጋሼ። ያላገባ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።”

ጋሽ ከበደ ለመሐላው እጃቸውን አነሱ።