ታሪክ ስንት ይመዝናል?

[የልጆች ንባብ መተግበሪያ የሚሠራበት ቢሮ። ሁለት ሰዎች አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል። ሊቁ ፕሮግራመር ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሠዓሊው የመተግበሪያውን እንስሳት በሙሉ የሳለ፣ ነገር ቶሎ የማይገባው ምስኪን ነው። የሥራ ማከማቻው ሞልቶ አለቃቸው፦ «ያጨናነቀው ይጣራና የሱ ሥራ ይውጣ» ብለዋል።]

ሊቁ፦ አትከራከረኝ! ማከማቻውን የሞላው ያንተ ዝሆን ነው!

ሠዓሊው፦ እኔም ፈርቼ ነበር። ጉንዳን ላድርገው?

ሊቁ፦ ምን?

ሠዓሊው፦ ይቀላል ብዬ ነዋ።

ሊቁ፦ ወይ ጣጣ! ዝሆንም ሆነ ጉንዳን፣ ሥዕል ከሆነ ሁለትዮሽ ፋይል ነው።

ሠዓሊው፦ ሁለትዮሽ? እንደ ሁለትዮሽ ውይይት? ከማን ጋር?

ሊቁ፦ ከማንም ጋር! ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል ማለት ነው፤ ሥዕል፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ። የኔ ኮድ ጽሑፍ ስለሆነ ብነካካውም ብዙ ቦታ አይፈጅም። አንተ ግን የዝሆኑን ጆሮ በነካህ ቁጥር ሌላ ሙሉ ዝሆን ይቀመጣል።

ሠዓሊው፦ [ክው ብሎ] ጆሮውን እኮ ነካክቼ ነካክቼ ነው ያሳመርኩት!

ሊቁ፦ መንጋ አርብተሃላ!

ሠዓሊው፦ የድሮዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ።

ሊቁ፦ [እየሳቀ] አጠፋሁ ይላል እንዴ! የጠፋው ከፊትህ ነው እንጂ ማከማቻው ከሚይዘው የለውጦች ታሪክ አይደለም። አንዴ የገባ ነገር ታሪክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቦታ ይበላል።

ሠዓሊው፦ ማንም ያስገባው?

ሊቁ፦ ማንም!

ሠዓሊው፦ ልጄ «ዝ»ን የለየችው በዝሆኑ ነው። አይወጣም በለኝ፣ ወንድሜ።

ሊቁ፦ ሳልመዝን አልፈርድም፣ አይዞህ። አለቃ! እስቲ አንዴ ይምጡ፤ ታሪኩን በሙሉ ልመዝነው ነው። ከባዱ ከላይ ይወጣል!

[አለቃ መጥተው ከኋላቸው ይቆማሉ። ሊቁ እጅጌውን ሰብስቦ ትእዛዙን ይጽፋል፤ የፋይሎች ዝርዝር ይመጣል። ሠዓሊው ማየት ፈርቶ በጣቶቹ መሃል ያጮልቃል።]

ሠዓሊው፦ [ቀስ እያለ ያነባል] «የሊቁ ንግግር፣ ቪዲዮ»... «የሊቁ ንግግር፣ የመጨረሻ»... «የሊቁ ንግግር፣ የመጨረሻው መጨረሻ»... «የሊቁ ንግግር፣ ፀጉሬ የተስተካከለበት»... ዝሆኔ የታለ?

ሊቁ፦ [ድምፁ ሰልሎ] ታች ነው። ወደ ታች ውረድ።

ሠዓሊው፦ እንዴ፣ መንጋው ሁሉ ተደምሮ ካንተ ፀጉር ያንሳል! ስለ ምን ነበር ንግግሩ?

ሊቁ፦ ስለ... ቦታ ቁጠባ።

[አለቃ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።]

ሊቁ፦ አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ አለቃ! ያን ጊዜውኑ ነው ያጠፋሁት!

ሠዓሊው፦ ከፊትህ ነዋ የጠፋው፣ ወንድሜ።

[ተነስቶ ወንበሩን ለአለቃ ይለቃል። በር ላይ ሲደርስ ዞር ይላል።]

ሠዓሊው፦ ሁለትዮሽ ያልከኝ አሁን ገና ገባኝ። በሉ፣ ተወያዩ!