አዴ ገዲሴ ዲፈረንሻል አይሸጡም

በየሰፈሩ ዕቃውን መሸጥ የማይፈልግ አንድ ነጋዴ አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ያመጣችሁትን ጨርቅ ገልበጥ አድርጎ «ይሄ ለአንተ አይሆንም» ይላል፤ ጫማ ሻጭ ከሆነ እግራችሁን ሳያይ ቁጥር አይሰማም። የፉሪዋ አዴ ገዲሴ ግን የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው። ድሮ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ግቢያቸው ዛሬ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ዘርግተዋል፤ ደንበኛ ሲመጣ የሚመረምሩት ግን ዕቃውን ሳይሆን ደንበኛውን ነው። መካኒኮቹ «ፕሮፌሰር» ይሏቸዋል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር።

ሚሳኤል ከሰኞ እስከ ዓርብ ባንክ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በአሮጌ ላንድክሩዘሩ ቋጥኝ ለቋጥኝ ይዳክራል። ባለፈው ወር የፉሪን ተራራ ሲወጣ የኋላው ሴሚያስ፣ ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ብረት ማለት ነው፣ ተቆረጠ። ጎማው ወልቆ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ናፍቆት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከጀሞ ሀና ማርያም ለመሳለም እንኳ በሚኒባስ ነው የምትሄደው። «ሁለተኛ አይሰበርም» ብሎ ቢምልላትም ወይ ፍንክች። ያለ እሷ ደግሞ ተራራው ጣዕም አጣበት።

«ከሁሉም ጠንካራውን ዲፈረንሻል ከነሴሚያሱ ይስጡኝ» አላቸው አዴ ገዲሴን።

«ለየትኛው ድንጋይ?»

«ለማንኛውም።»

«ማንኛውም የሚባል ድንጋይ አላውቅም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

በማግስቱ የቋጥኙን ፎቶና የተሰበረውን ብረት ይዞ ተመለሰ። ፎቶውን ገና ሲያዩት «ይሄማ ከገበሬው ከበንቲ ማሳ በላይ ያለው ነው፤ ስንት ሞፈር ሰብሮብናል» አሉ። የተራራውን ድንጋይ ሁሉ እንደ ጎረቤት ያውቁታል። ከዚያ የስባሪውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ጥርሱ ተጠማዟል። ይሄን የሰበረው ድንጋዩ አይደለም፣ እግርህ ነው። ጎማው አየር ላይ እያለ ነዳጅ ትረግጣለህ፤ ሲያርፍ ብረቱ ይጠመዘዛል።»

ሚሳኤል ክው አለ። ስለ አነዳዱ ምንም አልነገራቸውም ነበር፤ የሆነው ግን ልክ እንደዚያ ነበር።

ጥግ ላይ ወዳለ ግዙፍ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ጣቱን ሲቀስር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ሆዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ድንጋዩ ሆዱን ይይዘዋል።» ቀጥለውም ዝገት የለበሰ፣ ዓይን የማይሞላ አንዱን በእግራቸው ነካ አደረጉ። «ይሄ ጎማውንም ሸክሙንም የሚይዘው በውጪው ቱቦ ነው። የውስጡ ብረት ሥራው ማዞር ብቻ። ጎንህ ማን ይቀመጣል?»

የናፍቆትን ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

«እንግዲያው ወስደህ አስገጥመው። ቋጥኙን ሲወጣ በዓይኔ ካላየሁ ግን ሸጥኩ አልልም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ በእሑድ ረፋድ ሦስቱም ቋጥኙ ሥር ቆሙ። ናፍቆት የመጣችው ከታች ሆና ለማየት ብቻ ነው። ወደ አዴ ገዲሴ ጠጋ ብላ «አይሰበርም አይደል?» አለቻቸው። ሚሳኤል በዓይኑ ለመናቸው።

«ይሰበራል እንጂ፤ ብረት አይደል? ሲሰበር ግን ጎማው አይወልቅም፣ ፍሬኑም ይይዝላችኋል።»

ናፍቆት ዲፈረንሻሉን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ የፊቱን በር ከፍታ ገባች። «አይሰበርም ስትለኝ ነበር የምፈራው» አለችው ቀበቶዋን እያሰረች።

መሀል ላይ አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ሚሳኤል እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ጎማው ቀስ ብሎ አረፈ፣ ድንጋዩን ነከሰ፣ መኪናዋም እያቃሰተች ወጣች። ባልና ሚስቱ ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ፣ ብረት በጣታቸው የሚያነቡት ፕሮፌሰር ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጠቅልለው፣ ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው ቆመዋል። ሚሳኤል ሲያደንቃቸው ነበር የሰነበተው፤ የወደዳቸው ግን ያኔ ነው።

ናፍቆት በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«አዴ፣ ደርሰናል። ይግለጡት፣ ይዩን።»