ዋንዛ ላይ የሰቀልኩት ኢንተርኔት

ሰው ዝም ሲል ለምን እንደታመመ ወይም እንደተቀየመ እንደሚቆጠር አይገባኝም። በሬም ዝም ይላል፤ ማንም ምን ሆንክ አይለውም። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ከተማርኩት ውስጥ ግን አንድ ያልረሳሁት ነገር አለ። መምህሩ ሲጠይቅ እጁን የሚያወጣ ልጅ፣ ሁለተኛም ይጠየቃል። ከዚያ ወዲህ እጄን አላወጣሁም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እህል ይነቅዛል፣ በወጉ ያልደረቀ ቡና ይሻግታል፣ ዝምታ ግን ስንት ክረምት ቢያስቀምጡት ያው ነው። እንዲያ ብዬ አምን ነበር። አሁን ይህን ሁሉ ስጽፍ የሚያየኝ ጎረቤት፣ ያ ሰውዬ ምን ነካው ሳይል አይቀርም። ጥፋቱ የንቦቹ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው። ልጃችን አስቴር ሐዋሳ ትኖራለች፤ ባሏ ኮምፒውተር ይጠግናል። እናቷ የምትታይባቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ ወደ ሐዋሳ ልውሰድ አለች። አይሆንም አልኩ። የሞተ ሰው ሁለት ጊዜ ከቤት አይወጣም። ይህን ምክንያት ግን አልነገርኳትም፤ አይሆንም የሚለው ቃል ብቻውን የሚበቃ ይመስለኝ ነበር።

አማቼ መላ ዘየደ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እኛ መንደር ማንኪራ ድረስ ተሸክሞ መጣና ቪዲዮዎቹን በሙሉ እዚያ ውስጥ ከትቶ ሳሎን አስቀመጠው። አጠገቡ ሲም ካርድ የምትጎርስ፣ ኢንተርኔት የምታመጣ ነጭ ሳጥን ሰካ። ቪዲዮው ከዚህ ቤት አይወጣም፤ አስቴር ግን ሐዋሳ ሆና በስልኳ ታየዋለች። ነገሩ አልገባኝም። ያልገባኝን ስለማልጠይቅ፣ ጥሩ አልኩ።

ችግሩ ቤታችን ከኮረብታ ሥር መሆኑ ነው። ኔትወርክ በላያችን ያልፋል እንጂ አይወርድም። ስልክ እንኳ የሚሠራልኝ አጥሩ ጋ፣ ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ስቆም ብቻ ነው። አማቼ ሊሄድ ሲል፣ "ጋሼ፣ ካስቸገረዎት ሳጥኗን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድርጓት" አለኝ። እሱ የከተማ ልጅ ነው፤ ቁም ሳጥን ላይ ማለቱ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ቀፎ የሰቀልኩ ሰው ነኝ። ከፍ ያለ ቦታ ስባል የሚታየኝ ከጓሮዬ ያለው ዋንዛ ነው።

ቦንጋ ወርጄ ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ገዛሁ። ዋንዛው ላይ ወጣሁና ሳጥኗን ዝናብ እንዳይመታት አንድ አሮጌ ባዶ ቀፎ ውስጥ አስገብቼ አሰርኳት። ኔትወርኩ ጎረፈ። አስቴር በዚያው ቀን ደወለች።

"አባዬ፣ እንዴት አደረግከው?"

"ሰቀልኩት።"

ምን ላይ ብላ አልጠየቀችም። እኔም አላስረዳሁም።

ንብ የምታረቡ ሰዎች እዚህ ላይ ስቃችሁ ጨርሳችኋል። ሰም ሰም የሚሸት ቀፎ፣ ያውም በአበባ ወራት፣ ያውም ውስጡ ሞቅ የምትል ሳጥን ያለችበት! ሌሎቹን ቀፎዎቼን አጥኜ፣ ጠርጌ፣ ለምኜ ባዷቸውን የሚከርሙ አሉ። ለዚህኛው ግን ሳልጠራው የንብ መንጋ መጣ።

ይህን ያወቅኩት አስቴር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሐኪም ቤት በምትገባበት ዋዜማ ነው። በቀዶ ጥገና ነው የምትወልጂው ተብላለች። ጠዋት ደውላ፣ "አባዬ፣ ቪዲዮው አልከፈት አለኝ። እማዬን ሳላያትማ አልገባም" አለችኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ባሏ ስልኩን ተቀበላት።

"ጋሼ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩት።"

ሄጄ ነቀልኩ፤ ሰካሁ። ተመልሼ ነገርኩት።

"እንግዲያው ሳጥኗ ናት። ከጀርባዋ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ እሷን ተጭነው አሥር ድረስ ይቁጠሩ።"

ወደ ዋንዛው ሄድኩ። ግማሽ እንደወጣሁ የንቦቹን ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ደወልኩ።

"አይሆንም" አልኩት።

"ለምን ጋሼ?"

"ተይዟል።"

"በማን?"

"በንብ።"

አማቼ በተማረው ትምህርት ውስጥ ይህ አልነበረም። ስልኩን አስቴር ነጠቀችው።

"አባዬ፣ በእኔ ሞት! ጭስ አድርግባቸው!"

በእኛ ዘንድ ራሱ ፈቅዶ የገባ መንጋ አይባረርም። ያባረረ ሰው የቤቱን ሲሳይ አብሮ ያባርራል ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ ልጄ ልትወልድ አንድ ቀን ሲቀራት እንዴት አድርጌ ነው ጭስ የማነደው? ይህንንም አላልኳትም። ግን የንብ አርቢ ልጅ ናት፤ ገባት። ገብቷትም አለቀሰች።

"ቆይ" አልኳት።

ቤት ገባሁና ኮምፒውተሩ ላይ አማቼ ያሳየኝን ቁልፍ ተጫንኩ። የአስቴር የምረቃ ድግስ ወጣ። አጥሩ ጋ ተመልሼ፣ "እናትሽ ወጣች" አልኳት።

"ምን ለብሳለች?"

ሄጄ አየሁ። መጣሁ። "አረንጓዴ ሹራብ።"

"ክርኑ ላይ የተጣፈውን?"

ሄድኩ። መጣሁ። "አዎ።"

"ምን እያለች ነው?"

ሄድኩ። መጣሁ። "የወለደችው ልጅ እንዲህ አንገቷን ቀና የምታደርግላት እናት ማን አለች እያለች ነው። ፍየላችን ደግሞ የምረቃ አበባሽን በላች።"

የዋንዛው መስመር ሲቋረጥ የቀጠልነው በእኔ እግር ነው። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "ምን ጠፍቶብህ ነው?" አለኝ። አልመለስኩለትም፤ የዕለቱ ቃሌ ወጪ ሆኖ ነበር።

መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ቪዲዮው ውስጥ ወደ እኔ ዞረች። ይህንንም ለአስቴር አደረስኩላት። "'የአስቴር አባት፣ ለልጅህ አንድ ቃል ተናገር እንጂ!' አለች።"

"እሺ፣ አንተስ ምን አልክ?"

የማውቀው ነገር ነው፤ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ሄድኩ። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ እኔው፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ዘወር አለ። ቪዲዮ ቀራጩ ብዙ ጠበቀው። ተመልሼ መጣሁ።

"ዘወር ብዬ ፍየሏን አየሁ" አልኳት።

ከልቅሶዋ መሐል ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አሁንስ አባዬ?" አለችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም በምረቃው ቀን ልለው የነበረውን አልኳት። ምን እንዳልኩ ለእናንተ አልነግራችሁም። ይህን ያህል አልተለወጥኩም።

ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። አማቼም በኋላ ሌላ ሳጥን ይዞ መጥቶ፣ ከቀፎ ርቆ በተተከለ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ራሱ ሰቀላት። እስከ ዛሬ ተቋርጣ አታውቅም። የፊተኛዋ ቀፎው ውስጥ ናት፤ ማር ስቆርጥ አወጣታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ አጥሩ ጋ ስደርስ አስቴር ደወለች።

"አባዬ፣ ያ ቪዲዮ ዛሬም እምቢ አለኝ። እስኪ ግባና ምን እያለች እንደሆነ ንገረኝ።"

ከጀርባዋ የባለቤቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። የአስቴር አባት፣ ለልጅህ አንድ ቃል ተናገር እንጂ፣ ትላለች።

"ቆይ፣ ልየው" አልኩና ወደ ቤት ገባሁ።