የማርቆስ መጨረሻ፣ የሉቃስ መጀመሪያ

ሰው የሚወለድበትን ቀን አይመርጥም። ቢመርጥማ ኖሮ ሁላችንም ከክረምቱ ጭቃ ሸሽተን፣ አደይ ሲፈነዳ፣ እሸት ሲደርስ ብቅ እንል ነበር። እኔ ሳልመርጥ ደርሶኛል፤ የመስከረም መባቻ ልጅ ነኝ። ዛሬም ጉም በላሊበላ ጋራ ላይ ሲተኛ ሳይ ያ ዘመን እንደ ሕልም ይመጣብኛል። ሜዳው ይታየኛል፤ የጨርቅ ኳሳችን ድምፅ ሳታሰማ ትንከባለላለች።

ዘመኑ የደርግ ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ለአውራጃዎች ውድድር ወልድያ የሚሄዱ ሁለት ቡድኖች፣ ታላላቆችና ታናናሾች፣ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ። ዕድሜ ቢጠይቁ ዓመቱን በቁጥር የሚያውቅ ወላጅ ጠፋ። እናቶቻችን የሚያውቁት ዓመቱ የተሰየመበትን ወንጌላዊ ነው፤ «በማርቆስ ወለድኩት፣ በሉቃስ ወለድኩት» ይላሉ። ስለ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ሲሰብኩን የሚውሉት አስተማሪ ቸግሯቸው በወንጌላውያን ከፋፈሉን። የማርቆስ ልጆች ታላላቆች፣ የሉቃስ ልጆች ታናናሾች ሆንን።

እኔና ጓደኛዬ ሲሳይ ሁለታችንም የማርቆስ ነን። ታዲያ እኔ በማርቆስ መግቢያ፣ እሱ በማርቆስ ማብቂያ፣ በጳጉሜ ለሩፋኤል። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጊዜ ቀድሜው እንጀራ በልቻለሁ። ገፋ ሳደርገው ይወድቃል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባል የለ? እኔ «ተሰጥኦ አለው» ተባልኩ፣ እሱ ተቀነሰ። ወልድያን ለማየት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነበር።

እናቱ እትዬ ዘውዴ ግን አርፈው አልተቀመጡም። ሰፈሩን ሁሉ ያጠመቁትን ቄስ አለሙን ይዘው ሜዳ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ ይህ ልጅ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ሉቃስ ገብቶ ነበር» አሉ ቄሱ። «ሰው ደግሞ ተወለደ የሚባለው ሲጠመቅ ነው።»

አስተማሪው ግራ ቀኙን አይተው፣ ካድሬ አለመኖሩን አረጋግጠው ተቀበሉ። ሲሳይ ወደ ሉቃሶች ተሻገረ። ጉድ እኮ ነው እናንተዬ፤ ከማርቆሶች ውራ የነበረው ልጅ ለሉቃሶች አውራ ሆነ። ሲሮጥ የሚይዘው ጠፋ፤ አምበል አደረጉት። «ከእናቱ ማህፀን ኳስ ይዞ የወጣ» አሉለት፣ እነዚያው የቀነሱት ሰዎች። እሱም አመነ፣ አምኖም ጎበዘ። ኋላ ሁላችንም እኩል ስንረዝም የእኔ ተሰጥኦ የት እንደገባ እንጃ፤ የሱ ግን እስከ ጉልምስናው አልከዳውም።

ይህ እንግዲህ የኋላ ነገር ነው። ያን ዕለት ግን አንድ ሲገባ አንድ መውጣት ነበረበትና ከሉቃሶች ትንሹ ተቀነሰ። በሉቃስ፣ ሐምሌ ለገብርኤል ተወልዶ በነሐሴ ማብቂያ የተጠመቀ ልጅ ነው። የቄስ አለሙ የልጅ ልጅ። ያጠመቁትም እሳቸው ነበሩ። እናቱ እጁን ይዛ መጣችና አባቷ ፊት አቆመችው።

ቄሱ የልጁን ራስ ዳሰሱ፤ ጉሙን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ያኔ እስከ መስከረም ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ?» አሏት።