ዜና ገድሉ ለሮይስ ትቬት፤ ከቋሊማ መቆንጠጫ እንዴት እንደዳኑ

ላይል ኪተልሰን ዳክዬዎች በተባለው በሀልቮር ሐይቅ የቤዝቦል ቡድን ላይ በአሠልጣኝነት በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ በዘመነ ድርቀ በቆሎ፣ የጨዋታው ወቅት አልቆ የሜዳው ነጭ መስመር በዝናብ በታጠበበት ሳምንት፣ ዓይነ ንስር፣ ብዙኀ ትዕግሥት፣ ሳይመቱ የሚሄዱት ሮይስ ትቬት፣ ብእሲሃ ለማርሊስ፣ ጠጉራቸው ከፊት እየሸሸ ልባቸው ግን ወደ ሜዳው እየሮጠ ሳለ፣ ታላቅ ጦርነት ገጠሙ፤ ጦርነቱም ከቋሊማ መቆንጠጫ ጋር ነበረ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። በዳክዬዎቹ ዘንድ ከአባቶች የወረደ ሕግ አለ። ወቅቱ ባለቀ ጊዜ ተጫዋቾቹ ሁሉ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰብስበው፣ ድንች የተደረደረበትን የሥጋ ድስት ከበሉ በኋላ፣ የእያንዳንዱ መቺ አማካይ ይነበባል፤ አማካይ ማለትም ዱላውን ይዞ ከሞከረው ስንቱን በደህና መታ የሚለው ነው። ከሁሉ በታች የተገኘውም ዱላውን አስረክቦ፣ በሚመጣው በጋ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ለተመልካች ቋሊማ ይጠብሳል። ለአንድ በጋ ብቻ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከመቆንጠጫው የተመለሰ የለም። የቀድሞው የሁለተኛ ቤዝ ጠባቂ ለአንድ በጋ ብለው ገብተው፣ ይኸው ሆዳቸው ከሽርጡ አልፎ፣ ዛሬ የሚጨነቁት ስለ ሰናፍጭ ብቻ ነው። ሮይስም ይህን ያውቁ ነበርና ፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ አጡ።

የሮይስ አማካይ ለወዳጅ የሚነገር አልነበረምና። ዳሩ ግን ጸጋ ነበራቸው። ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረ መቺው ዱላውን ጥሎ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የሯጭ መቆሚያ፣ በነጻ ይሄዳል፤ ሮይስም በመጥፎ ኳስ ላይ ዱላ ማንሣትን እንደ ኃጢአት ቆጥረው፣ ትከሻቸውን ሳይነቀንቁ ቆመው፣ የአካባቢውን ወርዋሪዎች ሁሉ ለማልቀስ እስኪቃረቡ ያደክሙ ነበር። አማካይ የተባለው ግን ይህን ጉዞ ከነገር አይቆጥረውም፤ እንዳልተደረገ ያልፈዋል።

በዚያች ማክሰኞ ሮይስ የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ተከትለዋቸው የወረዱትም እነዚህ ናቸው፦ በግራ ሜዳ የሚጫወተው፣ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን የሚጨፍነው ጥርስ ሐኪም፤ ከፋሲካ ወዲህ እርስ በርሳቸው ያልተነጋገሩት ሁለቱ የወተት ላም አርቢ ወንድማማቾች፤ ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚያሳድረው ክንደ ብረቱ ብሮክ ሁቢ፣ አንድ ትሪ ኬክ ለብቻው ታቅፎ፤ ከሁሉም በፊት ወይዘሮ ማርሊስ፣ የቡድኑ ነጥብ መዝጋቢ፣ የሮይስ ሚስት፣ የላይልም እህት፣ በባልና በወንድም መካከል የተቀመጡ፣ የሒሳብ ማሽናቸውን በእጃቸው ይዘው።

በምድር ቤቱ ራስ ንጉሠ ዳክዬ ላይል ተቀምጠው ነበር፤ በሥራቸው የእህል ጎተራው ሚዛን ኃላፊ፣ ራሳቸውም ከተጫዋቾቹ ጋር ዱላ የሚያነሡ፣ በሜዳ ያዩትን ኳስ ሁሉ የማይምሩ፣ አጭር አጭር ምት የሚያዘንቡ። ድስቱ ከተነሣ በኋላም ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙ! ያው እንደ አምናው ነው። አማካይ ይነበባል፣ የመጨረሻው መቆንጠጫ ይወስዳል። ሮይስ ወንድሜ፣ ሽርጡን በልክህ አሰፍተንልሃል፤ አትቀየመኝ።»

ሮይስም ዘለው ከወንበሩ ላይ ቆሙና አወጁ፦

«አልቀየምም፣ አልለብስምም! ቤዝ ላይ ስቆም እኮ ቆሜያለሁ። በምን መጣህ ብሎ የጠየቀኝ ቤዝ አላየሁም። ቤዝ የደረሰ ሁሉ እኩል ይቆጠርለት!»

ጉባኤው አጉረመረመ፤ ወይዘሮ ማርሊስም አሰሉ። ሮይስ ከጭራ ተነሥተው ራስ ሆኑ። ጭራ ሆኖ የተገኘው ግን ክንደ ብረቱ ብሮክ ነበረ፤ ወይ ከአጥር ውጭ ይልካል፣ ወይ አየር ይመታልና። እርሱም ኬኩን አስቀምጦ አወጀ፦

«እኔ? ኳሷን ከነነፍሷ ኩሬ ውስጥ የከተትኳት እኔ? ዝም ብሎ ከተገተረ ሰው ጋር እኩል ልቆጠር? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች! የምት ርዝመት ይቆጠር፤ አንድ ቤዝ አንድ፣ ከአጥር የወጣች አራት!»

ይህም እውነትነት አለው ተብሎ ወይዘሮ ማርሊስ እንደገና አሰሉ። ብሮክ ከፍ ከፍ አለ። በነጻ መሄድ ግን በዚህ አቆጣጠር ምት አይደለምና አንዳች አላስገኘም። ወይዘሮ ማርሊስ ዓይናቸውን ሳያነሡ አወጁ፦

«ሮይስዬ፣ ሆዴ፣ እንደገና መጨረሻ ነህ። ምን ላድርግህ፣ ቁጥሩ ነው።»

የሮይስ ልብ ወረደ። በሚመጣው በጋ ጢስ ውስጥ ቆመው፣ ኳስ በዱላ ስትመታ ድምፁን ብቻ ከጀርባቸው ሲሰሙ ታያቸው፤ ከወንበሩም ወረዱ። ጥርስ ሐኪሙ አዝኖላቸው የሮይስና የብሮክ አቆጣጠር ሁለቱም ይደመሩ ቢል፣ ላይል ሳቁበት፦

«ጋሎን ወተትና ጆንያ በቆሎ ደምረህ ምን ልትለው ነው ዶክተር?»

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ማርሊስ አንድ አዋጅ ጨመሩ፦

«ሌላም አለ። ሰዎች ስንት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ቆጥረው፣ እያንዳንዷ ነገር ስንት ነጥብ እንደምታመጣ አውጥተዋል። በነጻ መሄድ ከአንድ ቤዝ ምት ታንሳለች እንጂ ባዶ አይደለችም። ከአጥር የወጣችዋም ትበልጣለች፣ ግን አራት እጥፍ አትሆንም። ለሁሉም እንደ ክብደቱ ነው የሚሰጠው።»

ላይል ክብደት የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ፊታቸው በራ። ዕድሜያቸውን በሚዛን ላይ የፈጀ ሰው ሚዛን ሲጠራለት አይደሰትም? ሮይስንም እስከ ወዲያኛው የሚቀብሯቸው መስሏቸው፣ ጠረጴዛውን መትተው አወጁ፦

«ይኸው! ጆንያ አይቆጠርም፣ ይመዘናል፤ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ! ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ይህ ነው። የቀለለ ይጥበስ፣ ማንም ይሁን ማን!»

ወይዘሮ ማርሊስ አሰሉ። ደግመው አሰሉ። ወንድማቸውንም አዩአቸው።

«ላይልዬ... አንተ ነህ።»

የላይል ምቶች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉም ከአንድ ቤዝ የማያልፉ፣ እርሳቸውም መጥፎ ኳስ ማሳለፍ የማያውቁ፣ በነጻ የመሄድን ጣዕም ሳይቀምሱ በጋውን የፈጸሙ ነበሩ። ንጉሡም ማሽኑ ባትሪ ጨርሷል ሲሉ አወጁ። ወይዘሮ ማርሊስ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሰዓት አውርደው፣ ባትሪውን አውጥተው፣ በማሽኑ ከተው፣ አሰሉ። ያው ነበር። ላይል ግን የገዛ አዋጃቸውን አላጠፉም፤ ይህም በዚህ ዜና ይመስገንላቸው። በሮይስ ልክ የተሰፋውን ሽርጥ አንሥተው ለበሱት፤ ማሰሪያውም ከኋላ አልገጠመም።

በሚከተለው በጋ በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን፣ ሮይስ መለያቸውን ለብሰው ወደ ምድጃው መጡ። ላይል በመቆንጠጫው አንድ ቋሊማ አቀረቡ፤ በአንድ ወገኑ ከሰል ነበረ። ሮይስ እጃቸውን አላነሡም። ሁለተኛ አቀረቡ፤ ውስጡ ጥሬ ነበረ። ሮይስ ትከሻቸውን አልነቀነቁም። ሦስተኛው ከመቆንጠጫው አምልጦ አመድ ውስጥ ወደቀ፤ ቋሊማ ለመግዛት የተሰለፈውም ሰው ነገሩ ገብቶት ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር። አራተኛው ለሁለት ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ሮይስ ኮፍያቸውን ጥለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ምድጃውን በእግራቸው ዞረው፣ ከጀርባው በደህና የበሰለውን መርጠው በዳቦ ውስጥ አስገቡና ሳይከፍሉ ሄዱ። ላይል መቆንጠጫውን ወደ ሰማይ አንሥተው የመጨረሻ አዋጃቸውን አስነገሩ፦

«አሁን ገባኝ! ወርዋሪዎቹ ለምን እንደሚጠሉህ አሁን ገባኝ፣ አንተ የተረገምክ! ውሰድ፣ ሰናፍጩ እዚያ ነው!»

ክብር ለሮይስ ትቬት፣ ዓይናቸው ላልተታለለ፣ እጃቸው ላልቸኮለ፣ ቆሞ በመጠበቅ ብቻ ንጉሥ ለጣሉ፤ ስማቸው በሀልቮር ሐይቅ ምድር ሁሉ ይጠራ፣ ወርዋሪዎችም በሰሙት ጊዜ ይንቀጥቀጡ። ሰዓቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ባትሪውን የመለሰ የለም።